የገብረወልድ ሁለት ጠርሙስ

የዘውድነሽ ጎረቤት ሳፊያ ናት ያወራችው። አጥሩ ላይ ክርኗን ጣል አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ፣ «የዘውድነሽ ልጅ ላግባት ብሎ ያመጣት ልጅ» አለች፣ «ዘውድነሽ በገዛ እጇ የቀዳችላትን ወይን አፏ ውስጥ እንደ ጥርስ ሳሙና አንቦጫቦጨችና እንትፍ።»

ጠዋት ስታወራው የተተፋው ሻይ ስኒ ውስጥ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ አበባ ማሰሮ ውስጥ ሆነ። ወደ ማታ ዘውድነሽ እግር ላይ አረፈ። በማግስቱ ወሬው ከአዳማ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ሞጆን አልፎ መቂን አልፎ ባቱ ሲገባ ጭራሽ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ልጅቱ ራሷ፣ እንቁ፣ ሐይቁ ዳር እናቷ ዓሣ የምትሸጥበት ቦታ ቁጭ ብላ ሳለ፣ ዓሣ ልትገዛ የመጣች ሴት «አማቷ ፊት ላይ የተፋችውን ልጅ ሰማችሁ» ስትል ጆሮዋ ገባ። ሴትዮዋ ማን ፊት እንደምታወራ አላወቀችም። እንቁም አልነገረቻትም። ዓሣውን ጠቅልላ ሰጠቻትና መልካም ምሳ ተመኘችላት።

እውነቱ የሻይ ስኒው ነው። ግን ተፍታለች፤ እሱን መካድ አይቻልም።

እንቁ ባቱ ዳር ያለ አንድ የወይን እርሻ ውስጥ ቀማሽ ናት። ሰው ሲሰማ ይቀናል፤ «ቁጭ ብሎ እየጠጡ ደመወዝ» ይላል። ኧረ ወዲያ። ሥራው በርሜል በርሜሉን እየዞሩ ገና ለጋ የሆነውን ወይን መቅመስና፣ ይሄ ዘንድሮ ይወጣል፣ ይሄ ይቆይ፣ ይሄስ የትም አይደርስ ብሎ መፍረድ ነው። ጥሩ ቀይ ወይን ደግሞ በለጋነቱ ክፉ ነው። እንዳልበሰለ ሙዝ ድድ ይጨመድዳል፣ ምላስ ያደርቃል። ሥራውን ያስተማሯት ጋሽ ጀቤሳ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «ኢንተላ ኮ» ይሏታል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ገና ከበር ሲገባ ጣፋጭ የሆነልሽን አትመኚው። ደህናው መጀመሪያ ይጣላሻል። አንቺ መሐሉን ፈልጊ። ከቁጣው ሥር ፍሬ ካለ፣ ይቆይ፣ ይታረቃል። ፍሬ ከሌለው ቢቆይም ቁጡ ሽማግሌ ነው የሚሆነው።»

ቀምሶ መዋጥ ደግሞ የለም። ከጠዋት እስከ ምሳ የቀመሰውን ሁሉ የዋጠ ቀማሽ በጋሪ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ስለዚህ ይተፋል። ጋሽ ጀቤሳ ይተፋሉ፣ የእርሻው ኢንጂነር ይተፋል፣ እንቁ ትተፋለች። አፏ ለምዷል፤ እሷን ሳያማክር ነው የሚተፋው።

ያን ቀንም ያደረገው ይሄንኑ ነው።

ሰይፈሚካኤል፣ ሰይፉ ነው የሚሉት፣ አዳማ የእናቱን ሆቴል የሚያስተዳድር ልጅ ነው። ለሆቴሉ ወይን ሊገዛ ባቱ ሄዶ፣ እንቁ ከበርሜል ቀድታ ስታቀምሰው ከንፈሩ እንደ ከረጢት አፍ ተሰበሰበ። እሷ ሳቀች። እሱም እየተሰቃየ አብሯት ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሆቴሉ ወይን በጣም ቶሎ ቶሎ ያልቅበት ጀመር፤ ዘውድነሽ ሒሳቡ ግራ እስኪገባት ድረስ።

በጥር እናቱ ቤት ወሰዳት። ቤቱ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ ግድግዳው ላይ የሟች አባቱ የአቶ ገብረወልድ ፎቶ፣ ሁሉም የሚመለከታት መሰላት። የዓሣ ሻጭ ልጅ ናታ። ጫማዋን ውጪ ታውልቅ አታውልቅ እንኳ አላወቀችም። የዘውድነሽ ታናሽ እህት ልዩም ነበረች፤ ሁለት ጊዜ በሊሞዚን ያገባች፣ ሁለት ጊዜ በታክሲ የተመለሰች። ዘውድነሽ ካላት ሁሉ ውዱን ቀይ ወይን አውርዳ፣ ለማንም የማታደርገውን፣ በእጇ ቀዳችላት። እንቁ ደነገጠች። ሰው ሲደነግጥ የለመደውን ነው የሚያደርገው። ብርጭቆውን አዞረች፣ አሸተተች፣ ጎነጨች፣ አንቦጫቦጨች፣ አጠገቧ ያለው ሻይ ስኒ ውስጥ ተፋች።

በመስኮቱ በኩል አጥሩ ላይ አንዲት ሻሽ ያሰረች ጭንቅላት ብቅ ብላ ቀረች።

ዘውድነሽ በጣም ቀስ ብላ «እንዴት ነው ታዲያ» አለቻት።

እዚህ ላይ ይቅርታ ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። እንቁ ግን ስለ ወይን ስትጠየቅ ውሸት አታውቅም። «ገና ነው እትዬ» አለች። «ሁለት ዓመት ቢተኛ ደህና ይወጣዋል።»

ልዩ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሰይፉ እንቁን አያት። ዓይኑ ውስጥ ሳቅም ፍርሃትም ነበር፤ እንቁ የያዘችው ግን ፍርሃቱን ብቻ ነው። እስከ ባቱ ድረስ ይዛው ሄደች።

ሰይፉ እሑድ መጣ። ሐይቁ ዳር ተቀመጡ። አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ ራሰ በራቸውን ይዘው የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ፣ ሽምግልና የተጠሩ አዛውንቶች ይመስሉ ነበር።

«ምን አለች» አለች እንቁ።

«‹በእጄ የሰጠሁትን የተፋች ልጅ ቤት ሽማግሌ አልልክም› አለች። ልዩ ደግሞ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ልጅ አግኝታልኛለች።»

«ቆንጆ ናት?»

«አላየኋትም።»

«እያትና ንገረኝ።»

«እንቁ፣ አትቀልጂ። እኔ ጨርሻለሁ። ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈራረም። እናቴ ስትፈልግ ትምጣ፣ ካልፈለገች ትቅር።»

እንቁ ሐይቁን አየች። ይሄን ቃል ብዙ ሌሊት ተኝታ ስትመኘው ነበር። ሲመጣ ግን ቀመሰችው፤ መሐሉ ላይ የሆነ ነገር ጎደለው።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«እኔ ወይኗን ተፋሁ። አንተ እሷን ልትተፋ? ባሏን ቀብራ ብቻዋን ያሳደገችህን? እናቱን የተፋ ሰው፣ ነገ እኔን ለመትፋት ምን ያግደዋል?»

ሰይፉ ፊቱ ተለወጠ። እምቢ ያለችው እሱን መሰለው። ወንድ እኮ ሲወድ ጆሮው ይደፈናል።

«እኔንስ ስንት ዓመት ፈረድሽብኝ?» አላት ቆሞ። «እንደ በርሜልሽ ጨለማ ቤት አስቀምጠሽ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ልትቀምሺኝ ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ። መኪናው አስፋልቱ ላይ እስኪጠፋ አየችው። አባ ኮዳዎቹም አብረዋት አዩት። «ነይ ቅርፊት አራግፊልኝ» አለች እናቷ ከወዲያ፤ ሌላ ምንም አልጠየቀቻትም። እንቁ ቢላዋውን ይዛ ቅርፊት ስታራግፍ አመሸች። ፊቷ ላይ የተረጨው ሁሉ የሐይቅ ውሃ አልነበረም።

ጥር አልቆ የካቲት ገባ። አንድ ረቡዕ መጋዘኑ ውስጥ ሦስቱም ቀማሾች ብርጭቆ ይዘው ቆመው ሳለ በሩ ተከፈተና አንዲት ሂጃብ የለበሰች፣ ሻንጣዋን ደረቷ ላይ ያጣበቀች ሴት ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም። ወይን ልገዛ ነው።»

ጋሽ ጀቤሳ አፋቸው ሙሉ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻሉም። ባልዲው ውስጥ ተፉና «ወአለይኩሙ ሰላም። ለማን ነው እትዬ?» አሏት።

«ለጎረቤት። ታማብኝ ነው። ሐኪም ነው ያዘዘላት።»

እንቁ አወቀቻት። ያን ቀን አጥር ላይ ብቅ ያለችው ጭንቅላት ናት። ሳፊያ ግን ጋሽ ጀቤሳ የተፉበትን ባልዲ እያየች ነበር። ቀጥሎ ኢንጂነሩ ተፋ። ቀጥላ እንቁ፣ የያዘችውን ልትውጠው ስለማትችል፣ እያፈረች ተፋች።

«ሁላችሁም ትተፋላችሁ?»

«ሥራችን ነው» አለ ኢንጂነሩ።

«ደመወዝ አለው?»

«አለው እንጂ።»

ሳፊያ ሌላ አልጠየቀችም። ወይኑንም ረሳችው። ወደ በሩ ሮጣ ግቢው በር ላይ ወደቆመችው ባጃጅ ጮኸች። «ዘውድነሽ፣ ነይ ውረጂ። እንጀራዋ ነው። በደመወዝ ነው የምትተፋው።»

ባጃጇ ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ የተደበቀችው ሴት ከዚህ በኋላ መደበቁ ትርጉም እንደሌለው ገባት። ወረደች። መነጽሩን አወለቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ አላህ ያመላክትሽ» አለቻት ሳፊያን፣ «ሰላይ ብዬ አንቺን ልላክ?»

እንቁ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች። ግራሩ ሥር ቆሙ። ሳፊያ ሩቅ የቆመች መስላ፣ ጆሮዋን ግን እዚያው ትታላቸው ሄደች።

ዘውድነሽ ስለተተፋው ወይን አልተነፈሰችም። ከቦርሳዋ ውስጥ በወንድ ሹራብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ሹራቡን ስትፈታ ጠርሙስ ነው።

«ባለቤቴ ከባድ መኪና ሹፌር ነበር» አለች። «ይሄ እርሻ መጀመሪያ ያወጣውን ወይን አዲስ አበባ የጫነው እሱ ነው። ሁለት ጠርሙስ ሰጡት። የሰይፉ ሰርግ ቀን ብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቃቸው። እኔ እንኳ እንዳልነካ ቁልፉን ኪሱ ይዞ ነበር የሚዞር። እሱ ለሰርጉ አልደረሰም። እነሱ አሉ።» ጠርሙሱን በአውራ ጣቷ ጠረገችው፤ አቧራ የለውም፣ ሁልጊዜ የሚጠረግ ነገር ነው። «ልዩ በቆየ ቁጥር ይጥማል ትለኛለች። አንቺ ያን ውድ ወይኔን ገና አልሽው። እስቲ ይሄስ?»

እንቁ ተቀብላ ፀሐይ ላይ አነሳችው። አንገቱ ጎድሏል። ቀለሙ ዳር ዳሩን ወደ ሸክላ ሄዷል። ቡሹ ትንሽ ወደ ላይ ገፋ ብሏል፤ የአዳማ ሙቀት ነው፣ ቁም ሳጥን ለወይን ቤት አይሆነውም። ነገሩ ገባት። ብትናገር ምን እንደሚመስልባትም አብሮ ገባት። «አሁን ነው» ብትል የራሷን ሰርግ ማፋጠኗ ነው። «ይቆያል» ብትል ዘውድነሽ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ ምናልባትም ትወዳታለች፤ ወይኑ ግን እዚያው ሹራቡ ውስጥ ይሞታል።

«ይሄ አይቆይም እትዬ» አለች። «የሚቀጥለውን ክረምት አይሻገርም።»

ዘውድነሽ ዓይኗን አጠበበች። «አሃ። ጠርሙሱም ሽማግሌ ላኩ አለ በይኛ።»

የእንቁ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ግን አላጎነበሰችም።

«እኔን ይተዉኝ» አለች። «ሰይፉን ለወደዱት ይዳሩት፤ እኔ ቃል አይወጣኝም። ይሄን ግን መልሰው አይቆልፉበት። ሁለት ናቸው አሉኝ አይደል? እኛ አንዷን ጠርሙስ ከፍተን ነው የእህቷን ዕድሜ የምናውቀው። አንዷን ይክፈቷትና ቤተሰብ ሰብስበው ይቅመሷት። እኔ ባልኖር ግድ የለም። ብቻ እሳቸው ለደስታ ያስቀመጡት ነገር ማንም ሳይቀምሰው እንዳይሞት።»

ግራሩ ላይ ወፍ ተንጫጫ። ዘውድነሽ ከእጇ ተቀበለቻት። ከዚያ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ጠቅልላ ወደ ባጃጇ ሄደች። እግሯን ካስገባች በኋላ ዞር ብላ፣ እንደ ተቆጣ ሰው፣ «ሻሽሽን አጥብቀሽ እሰሪ፤ የዚህ አገር ነፋስ ጆሮ ያሳምማል» አለቻት።

ባጃጇ አቧራ አስነስታ ሄደች። እንቁ ሻሿን እያጠበቀች እዚያው ቆማ ቀረች። ከቁጣው ሥር ያለውን ያን ቀን ቀመሰችው።

ሰይፉ ደወለ። ከሐይቁ ዳር ወዲህ ድምፁን አልሰማችም ነበር።

«ቅዳሜ ነይ» አለ። «እናቴ ናት የጠራችሽ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ልዩንም ጠርታለች፤ ፈርቻለሁ።» ቀጠለና «ያን ቀን የነገርሽኝ እየቆየ ገባኝ» አላት።

«እየቆየ የሚገባ ደህና ነው» አለችው። ሲስቅ ሰማችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላም ሳቁ ጆሮዋ ውስጥ ቆየ።

ቅዳሜ፣ ጾም ሳይያዝ፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ፎቶ። ሳፊያ በዚህ ጊዜ ከአጥር ወርዳ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊት ለፊቷ ለስላሳ መጠጥ ቀርቦላታል። ከእሷ ቀጥሎ አቶ ጫምሳ፣ የገብረወልድ የድሮ ጓደኛ፣ አብረው የነዱ ሹፌር። ልዩ ጥግ ይዛ፣ እግር በእግር ላይ። ጠረጴዛው መሐል ላይ አንዷ ጠርሙስ።

ዘውድነሽ ነገሩን ዘርዝራ ነገረቻቸው፤ ባቱ መሄዷን፣ ልጅቷ ያለችውን፣ ሁሉንም። «አሁን ነው ብላለች። እንግዲህ እናያለን።»

«ኮምጣጤ ነው የምታዩት» አለች ልዩ። «ወይም ገና ለጋ። ልጅቷ የምትፈልገው ወይኑን አይደለም።»

አቶ ጫምሳ ቡሹን ሲስቡት ግማሹ ተሰበረ። ቀሪውን እንደ ጥርስ ሐኪም ቀስ ብለው ነቀሉት። ዘውድነሽ ጠርሙሱን ተቀብላ፣ ዳግመኛ በእጇ፣ ለእንቁ ቀዳች። ከዚያ ተነስታ ወደ ቡፌው ሄደች። ስትመለስ ሻይ ስኒ ይዛለች። ያችኑ ስኒ። እንቁ ፊት አስቀመጠችላት።

«በይ እንደ ሥራሽ» አለቻት። «እዚህ ትፊ። ማንም ምንም አይልሽም።»

እንቁ ስኒዋን አየች፤ ዓይኗ ሞላ። ውድ ወይን ከመቅዳት ይልቅ ያቺ ስኒ ምን ያህል እንደምትከብድ ያወቀች እሷ ብቻ ናት። ብርጭቆውን አዞረች። አሸተተች። ዘቢብ፣ ትንባሆ፣ ዝናብ የነካው አፈር። ጎነጨች።

ቁጣው የለም። ድድ አይዝም፤ እንደ አዛውንት እጅ ሞቅ አድርጎ ጨብጦ ይለቃል። መሐሉ ሙሉ ነው። መጨረሻው ላይ ብቻ ቀጭን ጎምዛዛ ነገር፣ ሊሄድ ጫማውን እንደሚፈልግ እንግዳ። ሰይፉ ወንበሩን ጨብጦ የሚያየው ዓይኗን አይደለም፣ ጉሮሮዋን ነው። ሁሉም ጉሮሮዋን ነው የሚያየው። እንቁ ስኒዋን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ ዘውድነሽን አየች።

ዋጠችው።

«ዋጠችው» አሉ አቶ ጫምሳ፣ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ እንደሚያስተላልፍ ሰው።

ዘውድነሽ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ለምን ዋጥሽው? ትፊ አልኩሽ እኮ።»

«የሚተፋው የሚቆየው ነው እትዬ» አለች እንቁ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። «ይሄ ደርሷል።»

ዘውድነሽ ለራሷ ቀዳች። ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ከንፈሯ ብቻ «ገብሬ» አለ። ዓይኗን ስትገልጥ ያ ሁሉ ቀን የታሰረ ፊት ተፈቶ፣ እንደ ልጃገረድ ሆኖ ነበር። አቶ ጫምሳ ቀምሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሲሚንቶ ጭነት ያስታወሱ ይመስል ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ሳፊያ ሳትቀምስ አብራ አለቀሰች፤ ለልቅሶ ወይን አያስፈልጋትም።

«እህቷስ?» አለች ዘውድነሽ፣ ጠርሙሷን እያሳየች።

«እስከ ፋሲካ ትጠብቃለች። ክረምቱን ግን አላምንላትም።»

«ጫምሳ፣ ዓሣ ትወዳለህ?»

«ምን ማለትሽ ነው፤ እወዳለሁ እንጂ።»

«እንግዲያው ነገ ሁለት ሰው ጨምረህ ባቱ ትሄድልኛለህ። የልጅቷ እናት ሐይቁ ዳር ናት። ዓሣውን ከመብላታችሁ በፊት ልጇን ትጠይቁልኛላችሁ። እምቢ ካለች ደግማችሁ ትሄዳላችሁ። ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ነው፤ ጠርሙሷ አትጠብቀኝም።»

ሰይፉ የት እንደቆመ ጠፋው። መጣና እንቁ አጠገብ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ሥር እጇን ፈልጎ ያዘ፤ እጇ ቀዝቅዞ ነበር፣ በእጁ ውስጥ ሞቀ። ሁለቱም ባዶዋን ስኒ እያዩ ይስቁ ነበር።

ልዩ ብቻ ብርጭቆዋን አልነካችም። እግሯን ከእግሯ ላይ አወረደች።

«እኔ ግን ይገርመኛል» አለች። «ያኔ የተፋችውን ዛሬ ዋጠች፤ ዛሬ የዋጠችውን ነገ ትተፋ ይሆናል። ሰው እየቀመሰ፣ ገና ነው ደርሷል እያለ የሚያገባው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሳፊያ እንባዋን ጠረገች። ለስላሳዋን አስቀመጠች።

«ልዩዬ» አለቻት፣ «አንቺማ ሁለቱንም ባሎችሽን ሳትቀምሺ ነው የዋጥሻቸው። የትኛው ሆድሽ ውስጥ ቆየ?»